ከሃያ ዜሮ

መሐንዲሱ ሳይፈትን አያጭም። ሁለት ሴቶች ጥሏል፤ ይህቺ ሦስተኛዋ ናት።

ከአጎቷ ጋር መጥቶ የሳሎኑን ትልቁን ወንበር ያዘ። አጎት፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ዞር ብለው ሳያዩአት፣ ሰሞኑን ግን ቃላቸውን ሰጥተውባታል። ሙሽራው እሺ ካለ ሠርጉ በወሩ ነው። እምቢ ማለት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

ልጅቷ አቀርቅራለች። እናቷ ጥግ ይዘው ሹራብ ይሠራሉ፤ ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባዶ ሚስማር ቀርቷል።

«የልጆቼ እናት ማስጠናት አለባት» አለ መሐንዲሱ እስክሪብቶና ወረቀት እያወጣ። «ማባዛት እንጀምር። ቁጥሩን ተዪው፣ ምልክቱን ብቻ ንገሪኝ። ማይነስ ሦስት በማይነስ አራት?»

«ማይነስ።»

«ፕላስ ነው! ምልክታቸው ከተመሳሰለ ፕላስ፣ ከተለያየ ማይነስ። ገባሽ? ማይነስ ሁለት በፕላስ አምስት?»

«ፕላስ።»

«አሁን ነገርኩሽ እኮ፣ የኔ እመቤት!»

«ደንግጣ ነው» አሉ አጎት ላባቸውን እየጠረጉ። «ቀጥል፣ ታገኘዋለች።»

ቀጠለ። ስምንተኛውንም ሳተች፤ አሥራ ሁለተኛውንም። መሐንዲሱ እየሳቀ ኤክስ ይደረድራል። ሳቁ ሲያልቅበት ደግሞ ከንፈሩን ይመጥጣል።

«አሥራ ሰባተኛ። ማይነስ ሁለት በማይነስ ሦስት፣ እሱ ደግሞ በማይነስ አንድ?»

ልጅቷ ቀና አለች። «ማ...» ብላ ቆመች። የእናት መርፌም ቆመ።

«ፕላስ» አለች።

መርፌው ሥራውን ቀጠለ።

ሃያው ሲያልቅ መሐንዲሱ ወረቀቱን ለአጎት ዘረጋላቸው። «ከሃያ ዜሮ! ጋሼ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት እንኳ አሥሩን ያገኛል!» ወደ እናት ዞረ። «እርስዎስ፣ ትንሽ አያስጠኗትም ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉ እናት። «ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው።»

«ያስታውቃል» አለና ኮቱን አነሣ።

አጎት «ኧረ በፈጠረህ፣ ትማራለች!» እያሉ እስከ ደጅ ተከተሉት። በዚያው አፍረው ቀሩ።

እናት በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

«ተመስገን» አሉ፣ የልጃቸውን የሒሳብ ዲግሪ ሚስማሩ ላይ መልሰው እየሰቀሉ። «አሥራ ሰባተኛው ላይ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ልክ ልትመልሺ አልነበር እንዴ?»