የሕንጻው ተሳላሚ

ጦርነቱ ባበቃ በሰባተኛው ዓመት ሚስተር ናዲም የነደፈው ባለ ሃያ ፎቅ የቢሮ ሕንጻ የቤሩት መሳቂያ ሆነ። ፊት ለፊት የተገተሩት አራት ዓምዶች ምንም አይሸከሙም። ሦስቱ ግዙፍ በሮች አይከፈቱም፤ መግቢያው በጎን፣ ከቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ ነው። አናቱ ላይ ደግሞ ክብ ቆብ ደፍቶ፣ በቆቡ ዙሪያ ሰባት ነጫጭ እንቁላሎች ተሰክተውበታል።

«ከታሪክ ጋር መጫወት ነው፣ ያኒ» አለ ሚስተር እራት ላይ። «የሚገባው ሰው ግን የለም። ዘበኞቹማ እናቴን እንኳ ያለ መታወቂያ አናስገባም አሏት። የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ዋናውን ፓስፖርት ነው የሚጠይቁት።»

ቀፀላ ሳህን እያነሳች ነበር። ሐምራ ሰፈር፣ እነሚስተር ቤት በሠራተኝነት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ውሏ ካለቀ ቆይቷል፤ ፓስፖርቷ ግን በሚስተር ሚስት፣ በማዳም ሶላንጅ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። «አገሬ ልግባ» ባለች ቁጥር ማዳም «በኋላ፣ ሸሪ» ትላታለች። አገሯስ ይቅር፣ እሑድ እንኳ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቀፀላ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ በረንዳ ወጣች። ከሩቅ ወደሚታየው ሕንጻ ዞራ ሦስት ጊዜ ሰገደች።

ማዳም ከመጋረጃው ጀርባ አየቻት።

«ለወንድ ነው ምልክት የምትሰጠው!» ብላ ጮኸች። «እዚያ ጣሪያ ላይ ወዳጅ ይዛለች!»

ሚስተር ቀፀላን ጠራት። «እዚያ ማን አለሽ?»

«ማን ይኖረኛል፣ ሚስተር? ቤተ ክርስቲያኑን ነው የምሳለመው። በእኛ አገር ጉልላቱ ላይ እንዲህ የሰጎን እንቁላል ይሰካል።»

ሚስተር ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሶላንጅ፣ ሰማሽ? በመጨረሻ አንድ ሰው ገባው!»

ምስኪን! ለቢሮ መስገድ! ይኼ ጉድ አንድ ወር ሙሉ ቀጠለ። ዓርብ ዓርብ ሳይቀር የተረፈች የዶሮ እግር ጋጥ ጋጥ አድርጋ፣ እጇን ጠርጋ ትሰግዳለች። የጎረቤት ሠራተኛ ኤዶም ከማዶ በረንዳ ባየቻት ቁጥር ሳቋን ለማፈን መወልወያ ጨርቁን አፏ ውስጥ ትወትፋለች። ማዳም ደግሞ የባሏን የአደን መነጽር ይዛ ጣሪያው ላይ ወንድ ስትፈልግ ትውላለች።

ሕንጻው የሚመረቀው እሑድ ነበር። ሚስተር ጋዜጠኞች ጠራ፤ የሚሰግድለት ሰው እንዳለ በዓይናቸው ይዩ ብሎ። ማዳምን ለመናት፣ ከዚያ ተጣላት፣ መሳቢያውንም አስከፈታት።

ቀፀላ ከማይከፈተው በር ፊት ተንበርክካ ድንጋዩን ሳመች። ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ።

«ውስጡንም ልሳለም፣ ሚስተር» አለች።

«ያላ፣ ግቢ!» ብሎ ለዘበኛው እንድታሳይ ፓስፖርቷን ሰጣት። እሱ ለጋዜጠኞቹ በሮቹ ለምን እንደማይከፈቱ ማስረዳት ጀመረ። ቀፀላ ወደ በርሜሎቹ ታጠፈች።

እስከ ምሳ ሰዓት አልተመለሰችም። ሚስተር «ተያት፣ እየጸለየች ነው» አለ። ማዳም ግን «ከወዳጇ ጋር ናት!» እያለች ሃያውንም ፎቅ በእግሯ ወጣችው።

በዚያው ሰዓት ዓይን ኤል ረማነህ በሚባለው ሰፈር፣ ጴንጤዎቹ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ፣ ቀፀላ ከኤዶም አጠገብ ለምስክርነት ተነስታ ፓስፖርቷን ከፍ አደረገች፦ «ወገኖቼ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ጴንጤ ተወልጄ ጴንጤ ያደግሁ ሴትዮ ለእንቁላል ስሰግድ አንድ ወር ከረምኩ!»