ለማነጻጸሪያ የመጣችው ልጅ

ጎረቤቴ ዘርፌ ልጄን ባየች ቁጥር ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ትለኛለች። ልጄ ኦቲዝም አለባት።

ስለ ኦቲዝም የሚያጠኑ ሰዎች ልጄን ሲጠሯት፣ ለማነጻጸሪያ ኦቲዝም የሌለባት እኩያዋን ፈለጉ። ዘርፌ የራሷን ልጅ ፌቨንን ይዛ ከተፍ አለች።

«ጨዋ ልጅ ምን እንደምትመስል ይዩ እንጂ!»

በር ላይ የፌቨንን ቀሚስ እያስተካከለች አስጠነቀቀቻት።

«ታላቅ ሰው ፊት ዓይንሽን እንዳታነሺ! ዝም ብለሽ እንዳትለፈልፊ፣ የሰው አሻንጉሊትም እንዳትነኪ!»

አጥኚዋ እንዳታዳላ ተብሎ የትኛዋ ልጅ ኦቲዝም እንዳለባት አልተነገራትም። ሁለቱን በየተራ ስታጫውት እኛ ከመስታወቱ ማዶ ሆነን እናያለን። የኔዋ የአጥኚዋን መነጽር ወደደችው። ዓይኗን ሳትነቅል ስለ መነጽር ስታወራላት፣ አሻንጉሊቱን ሁሉ ስትበታትን ቆየች። ፌቨን ግን እጇን አጣምራ፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ ቃል ሳይወጣት ጨረሰች።

አጥኚዋ ፌቨንን እጇን ይዛ ወደ እናቷ አመጣቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አይጨነቁ እናቷ፣ በጊዜ ነው ያመጧት።»

እኔም ከንፈሬን መጠጥ አደረግሁ።

«አይዞሽ ዘርፌ፣ እግዜር ያውቃል።»