ነፋስ የወሰደው ዕጣ

ጫማ ሰፊው ሎተሪ ሲገዛ ቁጥሩን አያይም። አፍጥጦ ካየው ዕድሉ የሚያፍርበት ይመስለዋል። ትኬቱን ጫፉ ላይ በወስፌው ይበሳና፣ ሰም በተቀባ ክር አስሮ ከወንበሩ ጎን ያንጠለጥለዋል፤ ዕጣው በሬዲዮ እስኪነገር ዞር ብሎም አያየው። ወስፌውን ከአሮጌ ሞረድ ራሱ ነው የሠራው። ባለ ሦስት ጠርዝ ስለሆነ እንኳን ወረቀት የበሬ ቆዳም አይበግረው፤ ሌላ ሰው ሲነካበት ግን ደሙ ይፈላል።

ዛፉ ሥር የሚሠሩት አራት ናቸው። እሱ፣ ቁልፍ ቀራጩ፣ አሮጌ መጻሕፍት የምትሸጠው እታለም፣ እና ሁሉም አባ ደመና የሚሏቸው ዣንጥላ ጠጋኝ። አባ ደመና ትንሿን ሬዲዮ ከጆሯቸው አይለዩም፤ ነገ ዝናብ ይጥላል ሲባል ፊታቸው ይፈካል፣ ፀሐይ ነው ሲባል ምሳ አይበላላቸውም። አራቱም ጣሪያና ግድግዳ የላቸውም። ያላቸው አንድ ደንብ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱ ዕቃውን ይጠብቅለታል። እስካሁን አንዲት ሚስማር ጠፍታ አታውቅም።

አንድ ቀን ጫማ ሰፊው የጠገነውን ጫማ ሊያደርስ መንገዱን ተሻገረ። ዕቃውን እንደ ወትሮው ለአባ ደመና አደራ ብሎ ነው። ሲመለስ አባ ደመና ሬዲዮዋን ዘግተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋታል፤ ሎተሪ አዟሪዋ ደግሞ ዛፉ ሥር ቆማ ታለከልካለች።

«አንደኛው ዕጣ የወጣው ከዚህ ነው» አለች። «ለእናንተ ከሸጥኳቸው ከአራቱ አንዱ ነው። የሦስቱን አየሁ፤ አይደሉም።»

የሁሉም ዓይን ጫማ ሰፊው ላይ አረፈ። እሱ ወደ ወንበሩ ዘወር አለ። ክሩ ተንጠልጥሏል፤ ትኬቱ የለም።

«ነፋስ ነው» አሉ አባ ደመና ማንም ሳይጠይቃቸው። «ቅድም ብድግ ብሎ ነበር።»

«ነፋሱ ቁጥር ያነባል ማለት ነው» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

ይሄ ሰውዬ ቀልድ ካገኘ አይለቅም። «ብድር ጠያቂ ሲመጣ እኛ ድሆቹ እንለይ እንጂ» ብሎ ሦስቱን ባዶ ትኬቶች ግንዱ ላይ ቸነከራቸው። መሃል መሃላቸውን በጫማ ሰፊው ሚስማር መታና፣ ከሥራቸው የየባለቤቱን መጠሪያ በጠመኔ ጻፈ።

የመጀመሪያ ሰሞን ጫማ ሰፊው እንደ ሙሽራ ተያዘ። ቁልፍ ቀራጩ ሻይ ያመላልስለታል። እታለም ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ጋሼ፣ ቤት ስትገዛ በረንዳ ያለው ይሁን፤ ዝናቡ ስንቱን መጽሐፍ በላብኝ» ትለዋለች። አክስትህ ነኝ የምትል ሴት ከነልጆቿ መጣች። የለኝም ሲል ይስቃሉ፤ ሲምል ይብሱን ይስቃሉ።

ከዚያ ሳቁ አለቀ።

«ከእኛ ነው የሚደበቀው?» አለችው እታለም። «ልጄ ስትታመም አብረኸኝ የሮጥክ ሰው? ግድ የለም፤ ብላበት።»

ሻዩ ቀረ። ወንበሮቹ ጀርባ ሰጡት። ቁልፍ ቀራጩ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ መሞረጃውን ታቅፎ ይሄዳል እንጂ ለእሱ አደራ አይልም። አንጀቱን የበላው ይሄ ነው። ገንዘቡስ ገደል ይግባ። ግን ከእነዚህ ሰዎች ሌላ ቤተሰብ የለውም፤ እነሱን አጥቶ የት ይገባል?

ትኬቱን ያልፈለገበት ቦታ የለም። ቱቦው ውስጥ ገባ፤ የደንበኞቹን ጫማ ገበር ሳይቀር ገለጠ። ካገኘው ለአራት እኩል ሊያካፍል ለራሱ ምሏል።

በዚህ ሁሉ ከጎኑ ያልራቁት አባ ደመና ብቻ ናቸው። አንድ ቀን አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ።

«ተው ልጄ፣ ራስህን አትጉዳ። ያንተ ትኬት ባዶ ነበር።»

«በምን አወቁ?»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ከዚያ ተነሱና ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ይህ ሰው ሎተሪ አልወጣለትም። ከፈለጋችሁ እኔ እምልለታለሁ።» ማሉለትም።

የሽማግሌ መሐላ ሲሆን ማን ይከራከራል? እታለም ይቅርታ እየለመነች አለቀሰች። ቁልፍ ቀራጩ ሻይ ይዞ መጣና ሲያጉረመርም ቆየ፤ ኋላ ሽንት ቤት ሲሄድ መሞረጃውን ጫማ ሰፊው እግር ሥር ጥሎት ሄደ። ጫማ ሰፊው ሰው እንዳያየው ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ዝናቡ ሊገባ ሰማዩ ሲጠቁር አባ ደመና፣ «ዓይኔ ደከመ፤ እህቴ ጋ ሄጄ ልረፍ» አሉ።

«ዝናብ ሊገባ ሲል?» አለ ቁልፍ ቀራጩ። «ዓመቱን ሙሉ ሲለምኑት ከርመው?»

«ደመና ጠገብኩ» አሉ።

ለመሳፈሪያቸው አዋጡላቸው። ጫማ ሰፊው ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ቆዳ አውጥቶ ጫማቸውን አዲስ ሶል መታላቸው፤ ሒሳብ ሲሉት ተቆጣ። አባ ደመና አቅፈው ሳሙት። ዓይኑን ግን ሳያዩት ሄዱ።

በማግሥቱ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ሲያየው ጫማ ሰፊው ሆዱ ባባ። ማስታወሻ ትሁነኝ ብሎ፣ አባ ደመና ተብሎ ከተጻፈበት በላይ ያለችውን ትኬት ሚስማሯን ነቅሎ አወረዳትና አቧራዋን በእጅጌው ጠረገ።

ከሚስማሩ ቀዳዳ ሌላ፣ ጫፏ ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ባለ ሦስት ጠርዝ።