የሹፌሩ ወንበር ሐዲድ

ጋራዥ ውስጥ ባልየው ለመካኒኩ የመኪናቸው የሹፌር ወንበር ሞተር ተቃጥሏል ባይ ነው። ሚስቱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እስካወጣችበት ቀን ድረስ ደህና ይሠራ ነበር አለች። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ስለተጣበቀ፣ የእሷ እግር ፍሬኑ ላይ አይደርስም።

መካኒኩ በደረቱ ተኝቶ ወንበሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ሲፍቅ፣ ፀጉርና የበረሮ ክንፍ የተለወሰበት የሳል ሽሮፕ ጣቱን ያዘው። ሽታው ሊያስመልሰው ምንም አልቀረውም።

“ልጃችን ደፍቶት ነዋ!” አለ ባልየው።

መካኒኩ ሌላኛውንም ሐዲድ አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ተቀብቷል። “ጌታው፣ ልጅ ሲደፋ እንዲህ አስተካክሎ ነው?”  አሁን ከሽታው ይልቅ ባልየው መካኒኩን አቅለሸለሸው።

መካኒኩ ሁለቱንም ሐዲድ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ንጹሕ ግሪስ ቀባው። ቁልፉን ሲጫን ወንበሩ ወደ ፊት ተንሸራተተ። ሚስትየው ገብታ ፍሬኑን ረገጠችና በመስኮቱ ብቅ አለች።

“ከዛሬ ጀምሮ የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ በታክሲ ና።”