ሦስቱን በአንድ ጊዜ

ሱሪው በአንዴ ገባ። ቀኝ እግሩ፣ ከዚያ ግራው፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ሳብ አድርጌ ቆለፍኩት። ሌላ ጊዜ ይህቺ ሱሪ የግማሽ ሰዓት ትግል ናት። ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል፣ ጭኖቹ እንደ መቀስ ይቆላለፋሉ፣ እኔም ላቤን እየጠረግኩ ሸይጧንንም ልብስ ሰፊውንም እረግማለሁ።

"ዛሬ ምን ነካህ?" አልኩት ባሌን። "ሰው ሆነህ አደርክ እኮ!"

አብዱልወሀብ ፈገግ አለ። ዐይኑ ገና እንቅልፍ አልለቀቀውም። "ኪኒኑ ነዋ" አለ ቃላቱን እየጎተተ።

ጡንቻ የሚያፍታታውን ኪኒን ማለቱ ነው። እዚህ ካምፓላ ያሉት ሐኪሞች ጡንቻን የሚያዙት ነርቮቹ እየሞቱ ነው ካሉን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በሽታው እጆቹን አልፈሰፈሳቸው፤ እግሮቹን ግን እንደ አጣና ገተራቸው። ኪኒኑ ለእግሮቹ ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ረመዳን ሲገባ የቀኑ ነገር አስቸገረ። የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ የሰፈራችን የካንሳንጋ ኢማም ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ነግረውታል። እሱ መቼ ሰምቶ! ዛሬ ሳይነጋ፣ የመጀመሪያውን ሱሑር ስንበላ "ሦስቱንም አሁን ስጪኝና ልገላገል" አለኝ። ልከራከረው አሰብኩና ደከመኝ። በማንኪያ ከእርጎ ጋር አስዋጥኩት።

"በል እንነሳ" ብዬ በብብቱ ስር እጄን አስገባሁ። አነሳሱን ሁለታችንም በደንብ እናውቀዋለን፤ እኔ ወደ ላይ ስስበው እሱ ጉልበቱን ይገትራል፣ አንድ፣ ሁለት ብለን ወደ ወንበሩ እንዞራለን። ቆሞ ሳለ ሁልጊዜ "እግሬ እንኳን አልከዳኝም" ይላል። ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ያችኑ ደቂቃ ነው፣ ለእሷ ሲል ነው ከእንቅልፉ የሚነሳው።

አንድ አልን። ሁለት ላይ አልደረስንም። ጉልበቱ እንደ ራሰ ፎጣ ታጠፈና በእጆቼ መሃል ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ፣ እኔም ተከትዬው።

አልተጎዳም። ግን እግሮቹን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ሙህሲና" አለኝ፣ "እግሬም ሄደ።"

ስደውልላት ተስኒም በሞተር ታክሲ፣ በቦዳ እየበረረች መጣች። የጅማ ልጅ ናት፤ ቡኮቶ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤታችን መጥታ እግሩን ታፍታታለታለች። ያደረግነውን ስነግራት ራሷን ያዘች። ትንፋሹን ቆጠረች፣ ሐኪሙ ጋ ደውላ ብዙ አወራች። ከዚያ ከታች ቻፓቲ የሚጠብሰውን ጎረቤት ጠርተን ለሦስት ወንበሩ ላይ አወጣነው።

"ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ተኝቶ አልነቃ ካለ በቀጥታ ሆስፒታል ነው" አለችኝ። "ዛሬ ሌላ እንዳትሰጪው። ከነገ ጀምሮ እንደታዘዘው፤ በራሳችሁ መጨመርም ማቋረጥም የለም። ጾሙ ይቅርብዎት፣ ጋሼ አብዱልወሀብ። መድኃኒቱ ከሰውነትዎ እየወጣ ሲሄድ ይመለሳል።"

"ምኑ ነው የሚመለሰው?" አላት።

"ግትርነቱ" አለች ተስኒም። "የእግርዎ አቅም ብዙ አልቀረም። ሲያቆምዎት የኖረው ግትርነቱ ነው። እሱ ሲላላ ከስሩ ያለው ይኼው ዛሬ ያያችሁት ነው።"

እሷ ከሄደች በኋላ አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ የቦዳዎች ጡሩምባ ይሰማል። ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩት ነገር ነው ለካ ባሌን ቀጥ አድርጎ ያቆመልኝ። እሱም አልከዳኝም የሚለው እግር ከከዳው ቆይቷል።

"እውነቱን ንገሪኝ" አለኝ። "ጠዋት ስታለብሺኝ ደስ ብሎሽ ነበር፣ አይደል?"

መዋሸት እችል ነበር። መዋሸትም ግን አቅም ይጠይቃል። "በጣም" አልኩት። "ወገቤ ያረፈ መሰለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ በሆነልኝ ብዬ ተመኘሁ።" ከዚያ እንባዬ መጣ፣ አላቆምኩትም።

እጁን ሊያነሳልኝ ሞከረ፣ እምቢ አለው። "እኔም ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። "ሳትራገሚ ስታለብሺኝ።"

ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲል ቀኝ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተረከዙ እየተነሳ ወለሉን ይመታል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ግትርነቱ እንዲህ ሲያደርገው ጉልበቱን ወደ ታች ብጫነው እንደሚያቆም ተስኒም አሳይታኛለች። ጎኑ ተንበርክኬ እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ። አብዱልወሀብ አየኝ። አልተጫንኩትም፤ ሁለታችንም አዳመጥነው።