ቢጫው ዱቄት

«ዱቄትሽ የውኃውን ቀለም ጠጣው እንጂ አላጠፋውም» ይላል ኩሱዳ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ወደ ላይ እየሳበ። «እስቲ ስትዋሺ ፊትሽን በደንብ ልየው።»

ኦኖዴራ ብርጭቆዎቿን ትደረድራለች። በዚህ የናጎያ ቤተ ሙከራ በአንድ ጠረጴዛ ዳርና ዳር ለዓመታት ሠርተዋል፤ ነገ ግን ፕሮፌሰሩ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያስቀራሉ። ነጩ የቲታኒየም ዱቄት እድፍን የሚያጠፋው ዓይን በማያየው የፀሐይ ጨረር ብቻ ነው። እሷ ግን በአሞኒያ ጋዝ ውስጥ አግላ ናይትሮጅን አስርጋበታለች፤ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። በተራ የቤት ብርሃን ከሠራ ቦታው የእሷ ነው።

«ሁለት ብርጭቆ እናድርግ» ትላለች። «ያው በቀለም የተበጠበጠ ሰማያዊ ውኃ፣ ያው ዱቄት። አንዱን አንተ በፎይል ጠቅልለው። ጨለማ ውስጥም ከጠራ ጠጥቶታል ማለት ነው፤ ዕቃዬን ሸክፌ እወጣለሁ።»

«ካርቶን ላምጣልሽ እንዴ፣ እሜቴ?»

«ለራስህ ያስፈልግሃል።»

መብራቱ ይበራል። የማይታየውን ጨረር የሚያስቀረው መስታወት በመብራቱ ፊት ላይ ተገጥሟል፤ ኩሱዳ በጥፍሩ ዙሪያውን ይዳስሳል፣ ስንጥቅ አያገኝም። ተፋጠው ይቀመጣሉ። ከመብራቱ ሥር ያለው ውኃ ቀስ በቀስ ይገረጣል፤ ኋላም ቀለም አልባ ይሆናል።

ኩሱዳ ፎይሉን ይቀድዳል። በውስጡ ያለው ውኃ እንደነበረ ሰማያዊ ነው።

አንገቱ ይቀላል። «ደስ ይበልሽ» ይልና ጀርባውን ሰጥቷት መሳቢያውን ማራገፍ ይጀምራል።

ኦኖዴራ ሳቋን አፍና የጠራውን ብርጭቆ ታነሳለች። በአንድ ጎኑ ሞቋል፤ የሞቀው ግን ወደ መብራቱ የዞረው ጎን አይደለም። ዝቅ ብላ ታያለች። መጋረጃው በተነሳው መስኮት የገባ የጠዋት ፀሐይ ጠረጴዛውን አቋርጦ ብርጭቆው በነበረበት ቦታ ላይ ተኝቷል። በዚህ ፀሐይ ነጩም ዱቄት ይሠራ ነበር።

ኩሱዳ አላየም። እስክሪብቶዎቹን ወደ ቦርሳው እየወረወረ ነው።

ብርጭቆውን ይዛ ትቆያለች። ከዚያ የጠራውን ውኃ ወደ ቆሻሻው ዕቃ ትደፋዋለች።

«ኩሱዳ፣ መጋረጃውን ዝጋው። አንተ ነህ የከፈትከው።»

ዞሮ መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ባዶውን ብርጭቆ ያያል። ሲገባው ጊዜ አይፈጅበትም።

«ቦርሳዬን ግን አልፈታም» ይላል። «አንቺም የራስሽን ብትሸክፊ ይሻላል።»

ገመዱን ይስባል። የፀሐዩ ዘንግ በጠረጴዛው ላይ እየጠበበ፣ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ኦኖዴራም በጨለመው ክፍል ውስጥ ቢጫውን ዱቄት እንደገና ትመዝናለች።