ለአንድ ፈረስ አንድ እጅ

ጋሼ ምንያህል ጁባ ውስጥ ፈረስ ግልቢያ ያስተምር ነበር። ፈረሱ አንድ ነው፤ ዳማ ይባላል። ተማሪዎቹ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ሆቴልና ሱቅ ያላቸው ሐበሾች ልጆች ናቸው።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ ቶሎ ኮርቻ ላይ አያወጣውም። መጀመሪያ በስተግራ አቁሞ የፈረሱን ስም ያስጠራዋል፤ አንገቱን ያስዳብሰዋል። ልጁ ፈሪ ከሆነ ደግሞ ማብላቱን ለእሱ ብቻ ይሰጠዋል።

«ለአንድ ፈረስ አንድ እጅ» ይላል። «ከእሱ ጋር እንጂ ለብቻችሁ እንዳትበሉ። አብሯችሁ የበላ ፈረስ አይጥላችሁም።»

የሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ዐቢይ ጾም ሲገባ ማብላቱ የሀኒ ነበር። ሀኒ የምግብ ቤት ባለቤቷ የሰገነት ልጅ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። ዳማ ባሽካካ ቁጥር ታለቅስ ነበር። በረቱ ከእነሱ ግቢ ጀርባ ስለሆነ ማሽላውንም ውሃውንም እሷ ትሰጣለች።

ምንያህል የሚያድረው ድልድዩን ተሻግሮ ሸሪካት ነው። የሚመጣው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሁልጊዜ ሀኒን የዳማን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ያገኛታል። ገንዳው ባዶ ነው። በልቶ ጨረሰ ብሎ ደስ ይለዋል።

ጾሙ ሲጋመስ የዳማ ጎድን ተቆጠረ። አንድ ዙር ዞሮ ቀጥ ይላል።

ምንያህል ወደ ማሽላ ነጋዴው ሐምዱ ሱቅ ሄደ።

«ሐምዱ፣ ምን ቀላቅለህ ነው የምትሸጥልኝ?»

«ወላሂ፣ እኔም ልጆቼም የምንበላው ነው!»

«ፈረሴ እየሞተ ነው።»

«ፈረስህ ከሳ፣ የጎረቤት ፍየሎች ወፈሩ። አጥርህን አትጠግንም?»

«የፍየል ወሬ ታወራልኛለህ? ከላስ! ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም!»

ከሌላ ነጋዴ ገዛ። ዳማ ግን አላገገመም።

«ይህ ፈረስ ከሞተ ልጆቻችንን ምን ላይ ልታወጣቸው ነው?» አለችው ሰገነት።

«እኔስ ምን ይዤ ልኖር ነው፣ እትዬ ሰገነት? ከእሱ ሌላ ምን አለኝ?»

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሐሙስ ዕለት ምንያህል ተማሪዎቹን ሰበሰበ።

«ለዳማ ብዬ አክፍሎት እይዛለሁ» አላቸው። «ከዛሬ ማታ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ በአፌ አይገባም። ከቤተ ክርስቲያንም አልወጣም። እግዚአብሔር ካልማረው ሰው አቅቶታል።»

«ጋሼ፣ እኔም ለዳማ አከፍላለሁ» አለች ሀኒ። ከንፈሯ ደርቋል።

«አንቺ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምሽ አንሶ? ኋላ ነፋስ ወስዶ ረጃፍ እንዳይጥልሽ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሀኒ አልሳቀችም።

«እችላለሁ።»

«እናትሽ ከፈቀደች እሺ። ዳማን ግን አደራ።» እሱ ዘንድ ያለውንም የበረቱን ቁልፍ ሰጣት።

አርብ ሲሰግድ ዋለ። ቅዳሜ «ለእንስሳ የምትራራ አምላክ፣ ይህን አንድ ፈረስ አትንሣኝ» እያለ አለቀሰ። ማታ ሰገነት ለቅዳሴ ስትመጣ በጆሮው ሹክ አለችው።

«ሐምዱን በረቱ በር ላይ አየሁት። ጆንያ ይዟል።»

ደሙ ፈላ። ስእለቱን አፍርሶ መውጣት ግን ፈራ።

ቅዳሴ አልቆ ሊነጋ ሲል ሮጠ። የሐምዱ የማሽላ ጆንያ አፉ እንደተሰፋ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ውስጥ ዳማ በጎኑ ተዘርሯል። ቢዳብሰው ቀዝቅዟል።

«ገደለው! ያ ሰው ፈረሴን ገደለው!» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሀኒ ከኋላው መጣች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው የውሃ ባልዲ ይዛለች።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ። ቀስቅሰው፤ እኔና ዳማ ጾሙንም ጾመናል፣ ሦስቱን ቀንም አክፍለናል፣ አብረን እንፈስክ።»